አመድ የለበሰ ረመጥ

ባለፈው ጥር ወር አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር፣ ኮከቦች ዛሬም ይወለዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላቅማማ «የለም፣ ሁሉም ድሮ ተፈጥረው ያለቁ ናቸው» አልኳት። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስለ ኮከብ የተማርነው ከሁለት ገጽ አይበልጥም ነበር። ግን «አላውቅም» ማለት ለአስተማሪ ከባድ ነው። ልጅቷ መልሴን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ያኔ ነው ልቤን ቅር ያለው።

ቅዳሜ ዕለት ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ ለካ ተሳስቼ ኖሯል!

በኮከቦች መካከል ያለው ቦታ ባዶ አይደለም። አንዳንድ ሥፍራ ጋዝና አቧራ ተሰብስቦ ሰፊ ደመና ይሆናል። ጋዙ አብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። እንዲህ ሲቀዘቅዝ የራሱን ስበት መቋቋም ያቅተውና አንዳንዱ ክፍል ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ እየተጨመቀ ሲሄድ መሐሉ ይግላል። ኮከብ የሚወለደው እዚያ ነው። ፀሐይን የሚያክል ኮከብ ጎልምሶ እንደ ፀሐይ ኃይል እስኪያመነጭ ድረስ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅበታል።

ታዲያ ይህን ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ምልክቱን ነው። የሚያስቸግራቸው አቧራው ነው። የአቧራን ነገር ለእኛ ለካኩማ ሰዎች ማን ይነግረናል? ነፋሱ ሲነሳ የጎረቤት ቤት እንኳ ይሰወራል።

ሰኞ ከጎረቤት ቡና የተፈላበትን ጂኮ ተሸክሜ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ። «እሳት አለው?» ብላቸው «ኧረ የለውም፣ አመድ ነው» አሉ። ከላዩ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን «ውይ፣ ይሞቃል!» ብለው ጮኹ። ዓይን ያላየውን እጅ አወቀው። ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረርም ዓይናችን አያየውም፤ የሙቀት ጨረር ነው፣ አቧራውንም አልፎ ይወጣል። ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ በዚህ ጨረር ያነሳው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የወጣ ፎቶግራፍ አለ። 390 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀውን የሮ ኦፊዩኪ ደመና ያሳያል፤ 50 ያህል ወጣት ኮከቦች ይታዩበታል። ገና የሚወለድ ኮከብ ወደ ሁለት አቅጣጫ ጋዝ በኃይል ይተፋል። ይህም አንዱ ምልክት ነው፤ በፎቶው ላይ በቀይ ቀለም ይታያል።

ቴሌስኮፕ የለንም ብላችሁ አትዘኑ። የካምፑ ጨለማ ለብዙ ነገር አይመችም፣ ለዚህ ግን ይመቻል። በጥር ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከልጆቻችሁ ጋር ደጅ ውጡ። ከራሳችሁ በላይ ሦስት ኮከቦች ተሰልፈው ታያላችሁ፤ የኦሪዮን መቀነት ይሏቸዋል። ከእነሱ በስተደቡብ ትንንሽ ኮከቦች ተደርድረዋል፤ መካከለኛው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። እሱ ደመና ነው፤ ውስጡ ኮከቦች እየተወለዱ ነው። የምታዩት ብርሃን ከዚያ ከተነሳ 1,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ልጅቷ በማግስቱ ደብተሯን አመጣችልኝ። ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዛ ከሥሩ «ቲቸር ተሳስቶ ነበር» ብላ ጽፋለች። ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ ራይት አደረግሁላት።