ጭስና ይሉኝታ

ሰው የገዛ ራሱን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው፥ በመስተዋት ፊት በድንገት እንደ ቆመ ሁሉ ይደነግጣል። ባለፈው ሰኔ ለአንድ ጉዳይ ወደ ተማርንበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጎራ ባልን ጊዜ የደረሰብን ይኸው ነበር።

ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አጠገብ፥ «ማጨስ ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ ሥር፥ አንድ ተማሪ ሲጃራውን ለኩሶ ቆሞ አገኘነው። በትሕትና ሰሌዳውን ብናመለክተው፥ እርሱም በትሕትና፥ «ጋሼ፥ ይኸ እኮ ደጅ ነው። ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል፤ ማንን ይጎዳል ብለው ነው?» ሲል መለሰልን። የምንመልስለት አጣን፤ ያ ንግግር የኛው ነበርና።

በተማሪነታችን ዘመን፥ ሕጉ ገና ሳይወጣ፥ ራት ከበላን በኋላ ከዚያው ደጃፍ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አራት ሆነን መሰብሰብ ልማዳችን ነበር። ከሱቅ በደረቴ በነጠላ የገዛነውን ሲጃራ እየተቀባበልን፥ ስለ ፈተናውም ስለ አገሩም ጉዳይ ስንከራከር እናመሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ መቀመጫ ላይ ያፈራነው ወዳጅነት እስከ ዛሬ አልተለየንም። ስለዚህ በደጅ የሚያጨሰውን ወጣት ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ለመቁጠር ልባችን እሺ አይለንም።

ነገር ግን በመኝታ ክፍላችን አስም የነበረበት አንድ ጓደኛ ነበረን። ማታ ማታ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ ዋናውን በር ትቶ፥ ሕንፃውን ዞሮ በጓሮ በኩል ይገባ ነበር። እኛም «ብቸኝነት ይወዳል» እያልን እንቀልድበት ነበር። ከተመረቅን ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ሠርግ ላይ ተገናኝተን ይኸንኑ ብናነሣበት፥ ፈገግ ብሎ፥ «ጭሳችሁ ደረቴን ይዘጋው ነበር፤ እንዳልነግራችሁ ይሉኝታ ያዘኝ» አለን። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «አጥፉልኝ» አላለንም። እኛም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጥረነው ኖረናል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112፥ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን፥ ከበሩና ከመስኮቱ 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስንም ይከለክላል፤ በትምህርትና በጤና ተቋሞች ዘንድ ደግሞ ክልከላው ሜዳውን ጭምር ያጠቃልላል። ብዙ ተማሪዎች «የአዳራሹ ክልከላ ተገቢ ነው፤ የሜዳው ግን በዛ» ይላሉ። አነጋገራቸው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ በገላጣ ሥፍራ ጭስ ቶሎ ይበተናልና። ይሁን እንጂ ከአጫሹ ጎን የተቀመጠው ሰው ጭሱ ሳይበተን ይተነፍሰዋል። ዝናብ ሲመጣም አጫሹ ሁሉ ወደ በሩ ጥላ ይጠጋል፤ በበሩ ደግሞ ሳይወድ በግድ የማያልፍ የለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፥ ትንባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከነዚህም ውስጥ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው ሳያጨሱ የሰው ጭስ የተነፈሱ ናቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰሌዳ መስቀል ብቻውን ሲጃራውን ከደጃፍ ወደ ጓሮ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ኒኮቲን ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ እናውቀዋለን፤ እኛ ራሳችን ሦስት ጊዜ ትተን ሦስት ጊዜ ተመልሰንበት፥ በአራተኛው ነው የተላቀቅነው። ስለዚህ የሚከለክል ተቋም ለመተው የሚፈልገውን ተማሪ በክሊኒኩ ተቀብሎ ሊመክረውና ሊረዳው ይገባል። ያለዚያ ክልከላው ተማሪውን መደበቅን ብቻ ያስተምረዋል።

ለዚያ ወጣት ይኸን ሁሉ አልነገርነውም። በጓሮ በር ይገባ ስለ ነበረው ጓደኛችን ብቻ አጫወትነው። ጥቂት ዝም አለና፥ «ሰውዬው ዛሬ ደኅና ነው?» ሲል ጠየቀን። «ደኅና ነው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ መድኃኒቱ ከኪሱ አይለይም» አልነው። ሲጃራውን አጥፍቶ ቁራጩን በእጁ እንደ ያዘ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደ። ዳግመኛ አላጨሰም ለማለት አንደፍርም፤ ያን ዕለት ግን በዚያ በር የገቡት ሁሉ ያለ ጭስ ገብተዋል።

ይሉኝታ የአገራችን ጌጥ ነው። ነገር ግን የታመመው ሰው ብቻውን ሲሸከመው ጌጥነቱ ይቀርና ቀንበር ይሆናል። እንግዲህ የማያጨሰው ወንድማችን «እባክህ ራቅ በልልኝ» ለማለት አይፈር፤ የሚያጨሰውም እስኪለመን አይጠብቅ። ሕጉ 10 ሜትርን ለክቶ ሰጥቶናል፤ በጓሮ የሚዞረውን ሰው አይቶ «ለምን ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ግን ለእያንዳንዳችን የተተወ ነው። እኛ ያን ጥያቄ የጠየቅነው አራት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በሠርግ ቤት ነበር።