ጎማና ጉም በጣርማ በር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚጓዝ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ደብረ ብርሃን ሲገባ ካፖርቱን መቆለፉ ወይም ጋቢውን መከናነቡ አይቀርም። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፥ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የምትታየው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው። ከደብረ ብርሃን ወዲያም ሜዳው አያልቅም። ገብስና ባቄላ የተዘራበት ጥቁር መሬት፥ የድንጋይ ካብ፥ የበግ መንጋ፥ እዚህም እዚያም ባሕር ዛፍ እያዩ ይኬዳል። አገሩ ለጥ ያለ በመሆኑ መንገደኛው ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ አይታወቀውም። 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ግን መሬቱ ድንገት ከፊቱ ያልቅበታል። ጣርማ በር ይህ ነው።

ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን፥ በምሥራቅ በኩል ያለው ገደል ቁልቁል ወደ ቆላው ያያል። ጣልያን በወረራው ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ተራራውን አስበስቶ ያሠራው ዋሻ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በክረምት በአንዱ አፍ ሲገቡ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ፥ በሌላው አፍ ሲወጡ ዐይን ቢወጉ ከማይታይበት ጉም ውስጥ መውደቅ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ከቆላው ሞቆ የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፥ ቀጥሎም ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል ማለት ነው። ጭላዳዎቹ ይህን ገደል ያለ ምንም ችግር ይወጡታል፥ ይወርዱታልም፤ ችግሩ የባለጎማዎቹ ነው።

ሰው ስለዚህ ቁልቁለት ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ፍሬንን ነው። «ፍሬን በጠሰ» የሚለውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ይሁን እንጂ ፍሬን የሚያቆመው መንኰራኵሩን እንጂ መኪናውን አይደለም። መኪናውን የሚያቆመው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። አንድ የትንሽ መኪና ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ስፋቱ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ አሥራ ሁለት ሰው ከነጓዙ ጭኖ በገደል አፋፍ የሚዞር ሚኒባስ ከምድር ጋር ያለው ዝምድና አራት መዳፍ ብቻ ነው።

የሰበቃን ሒሳብ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ሲያስበው የታየ ጥቂት ነው። ደኅና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲሆን የሰበቃው መጠን 0.7 ገደማ ነው። አስፋልቱ ሲርስ ወደ 0.4 ይወርዳል። ጎማው ጥርሱ ያለቀ ከሆነ 0.2 ድረስ ሊያንስ ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእነዚህ ሦስት ልኮች ፍሬን ሲይዝ፥ በመጀመሪያው በ20 ሜትር፥ በሁለተኛው በ35 ሜትር፥ በሦስተኛው በ71 ሜትር ይቆማል። ይህ በሜዳ ሲሆን ነው። መንገዱ ከመቶ ሰባት እጅ የሚያዘቀዝቅ ቢሆን፥ 35 የነበረው 43፥ 71 የነበረው ደግሞ 109 ሜትር ይሆናል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ የሚታለፈው ርቀት በዚህ ውስጥ አልገባም። ከዋሻው በታች ጉሙ ሲወፍር ደግሞ 30 ሜትር አሻግሮ ማየት የቻለ ሾፌር ዕድለኛ ነው።

የሚገርመው፥ ውሃ በጎማ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ዐይነት መሆኑና ሁለቱም ዐይነቶች በዚህ አንድ መንገድ ላይ መገኘታቸው ነው። አንደኛው በቁልቁለቱ ላይ ያለው ማዳለጥ ሲሆን፥ ሁለተኛው ማንም በማይፈራው በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ያለው መንሳፈፍ ነው። ሜዳው ላይ ውሃው የሚፈስበት አጥቶ አስፋልቱ ላይ ያቁራል፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ስለሆነ ሾፌሩ ይነዳል። አንድ ጎማ 18 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት፥ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ውሃ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሽከረከር፥ በእያንዳንዱ ሰከንድ 12 ሊትር ያህል ውሃ ከፊቱ ማስወገድ አለበት። ይህም በሰከንድ አንድ ባልዲ መድፋት ነው። ባልዲውን የሚደፉት በጎማው ፊት ላይ የተቀረጹት ቦዮች፥ ማለት ጥርስ የምንላቸው ናቸው። ቦዮቹ ካለቁ ውሃው መሄጃ ያጣና ከጎማው ሥር ይገባል፤ መኪናውም እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መሪው በሾፌሩ እጅ ላይ ቅልል ይላል፤ ግራም ቀኝም ቢያዞረው መልስ የለም።

ይህን ነገር አጥብቀው የመረመሩት የአውሮፕላን ሰዎች ናቸው። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ባሳተመው ጥናት፥ ጎማ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከንፋሱ ግፊት ጋር በካሬ ሥር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በዚያ ደንብ ሲሰላ፥ ንፋሱ 32 የሆነ፥ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በደንብ ውሃ ባቆረ መንገድ ላይ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይንሳፈፋል። ንፋሱ 20 ከሆነ ግን 74 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። «ንፋስ ቀነስ ሲል መሬት ይይዛል» የሚለው ብልኀት ለአሸዋና ለጭቃ እንጂ ለውሃ የማይሠራው ስለዚህ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ንፋሱ 100 ገደማ ስለሆነ ጭኖ ሲሄድ በቀላሉ አይንሳፈፍም፤ ባዶውን ሲመለስ ግን ጎማው መሬት የሚረግጥበት ቦታ ስለሚያጥር ነገሩ ይለወጣል። ባዶ አይሱዙ ከኋላው ሲመጣ ያየ ሁሉ ዳር ቢይዝ ፈሪ አይባልም።

አዲስ የትንሽ መኪና ጎማ ሲገዛ የጥርሱ ጥልቀት ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፓ ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ መንገድ ላይ እንዳይወጣ የተከለከለ ሲሆን፥ ያም ልክ እንዲታወቅ በቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች ተሠርተዋል። ጉብታው ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ዝናብን የሚያስቡ ብዙ ባለሙያዎች ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ይገባል ይላሉ። በእኛ አገር ጎማ አለቀ የሚባለው ውስጡ ያለው ክር ፈጦ ሲታይ ነው።

ጥርስ ብቻ ግን አይበቃም። ደብረ ብርሃን ላይ፥ ቁርስ እስክንበላ ሾፌራችን ሁለት ጎማ ለመለወጥ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ነበር። ከደጁ የተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ጥርሳቸው ሙሉ፥ ፊታቸውም እንደ ሊስትሮ ጫማ ተወልውሎ የሚያብለጨልጭ ነው። በአንዱ ጎን ላይ 0811 የሚል ቍጥር ተጽፏል። ይህ ማለት በፈረንጆች 2011 ዓመት በስምንተኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ጎማዎች የልደት ቀናቸውን እንዲህ በአራት አኃዝ በጎናቸው ይዘው ይዞራሉ፤ የሚያነብላቸው ግን የለም። ጎማ በመጋዘን ተቀምጦም ያረጃል። ሲያረጅ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ በረጠበ አስፋልት ላይ እንደ ቀንድ ይንሸራተታል። ላስቲክ መሬት የሚይዘው ለስለስ ብሎ በአስፋልቱ ጠጠር መካከል እየገባ ሲቆናጠጥ ነውና።

ሾፌራችን ለዚህ ሁሉ ሩቅ አልነበረም፤ አዲስ ጎማ ነው የገዛው። ክርክሩ የመጣው በመግጠሙ ላይ ነው።

«ጋሼ፥ አዲሶቹን የት ላግባቸው?» አለ ጎሚስታው፥ ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ።

«ምን ያጠያይቃል? ከፊት ነዋ! መሪው ያለው ከፊት አይደለም እንዴ?»

«ለክረምቱ ከኋላ ቢሆኑ ይሻላል።»

«አንተ ልጅ፥ እኔ ስነዳ አንተ አልተወለድክም።»

«ልክ ነው ጋሼ፤ ግን ከኋላ የሸሸብዎትን መኪና በመሪ አይመልሱትም።»

ልጁ ትክክል ነው። የጎማ ፋብሪካዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። የፊቱ ጎማ ሲያዳልጥ ሾፌሩ ወዲያው ያውቀዋል፥ ፍጥነቱን ቀንሶም ሊያስተካክለው ይችላል። የኋላው ሲያዳልጥ ግን መኪናው እንደ እንዝርት ይዞራል፤ ኩርባ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚዞርበት ሜዳ የለውም። ሆኖም ገንዘቡ የሾፌሩ ነውና አዲሶቹ ከፊት ገቡ። እኛም ተሳፈርን፤ ከኋላ ወንበር ሕፃን ያዘለች እናትና ሁለት የደብረ ሲና ነጋዴዎች ነበሩ። ዋሻውን ስንወጣ ጉሙ ከመንገዱ ላይ ተኝቶ ጠበቀን። ከፊታችን አንድ ቦቴ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ስለነበረ፥ ሾፌራችንም ከኋላው ተለጥፎ መውረድ ግድ ሆነበት። ስለዚህ ኋለኞቹ አሮጌ ጎማዎች ምን ያህል እንደሚይዙ ሳይፈተን ደብረ ሲና ገባን። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት፤ የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የተጠራ ነውና ሁሉም ገዛ፥ ወሬውም ተለወጠ።

ለዚህ መንገድ ጎማ መምረጥ በእውነት አስቸጋሪ ነው። ጠንካራ ላስቲክ ያለው ጎማ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ጣርማ በር ላይ ግን በብርዱና በውሃው ይደድራል። ለስላሳው ደጋውን አጥብቆ ይይዛል፤ ቆላው ግን ቶሎ ይጨርሰዋል። ለምሳሌ አውሮፓውያን ሙቀቱ ከሰባት ዲግሪ በታች ሲሆን የሚያገቡት የበረዶ ጊዜ ጎማ አለ፤ ያንን አሮጌውን ገዝቶ ሸዋ ሮቢት ማውረድ ገንዘብን አስፋልት ላይ መቀባት ነው። ቀድሞ ለላስቲክ ማጠንከሪያ ጥቀርሻ ብቻ ይጨመር ነበር፤ በ1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት መጀመሪያ ሚሽሊን ሲሊካ የተባለውን ከአሸዋ ዘር የሆነ ዱቄት ለተራ መኪና ጎማ ማስገባት ከጀመረ ወዲህ፥ ሁለቱን ጠባይ በመጠኑ ያስታረቀ ጎማ ተገኝቷል። በአውሮፓ ከ2012 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የመኪና ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ያለው የመያዝ ችሎታ በፊደል ደረጃ ተሰጥቶት ይሸጣል። በዚያ መሠረት በላይኛውና በታችኛው ደረጃ መካከል፥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከ15 ሜትር በላይ ይለያያል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ጎማ ሲሸጥ የሚጠየቀው «ስንት ዓመት ይሄዳል?» ነው። ደመወዙ በወር አንዴ ለሚመጣ ሰው ጥያቄው ሞኝነት አይደለም፤ ቢሆንም የጥያቄውን ዋጋ የሚከፍሉት ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ጭምር ናቸው።

በመሥሪያ ቤት ፒክአፖች ላይ ደግሞ ሌላ ፋሽን ይታያል፤ ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዋልካ ላይ ሲገባ ወደር የለውም። አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ግዙፎቹ ጥርሶች መሬት የሚነኩት በጥቂቱ ነው፤ ውሃውን እንደ መጥረጊያ የሚጠርጉት ቀጫጭን ስንጥቆችም የሏቸውም። መልኩ የሚያስፈራራውን ያህል አይይዝም። ያ ፒክአፕ ከእርሻ መንገድ ይዞት የወጣው ጭቃም አስፋልቱ ላይ ይራገፍና፥ ከኋላ ለሚመጣው ትንሽ መኪና ሳሙና ይሆንበታል። ከዚህ ጋር የሚተካከለው የበልግ የመጀመሪያው ካፊያ ብቻ ነው። በበጋው ወራት የተንጠባጠበው ዘይትና የተከማቸው አቧራ ከጥቂት ውሃ ጋር ሲቦካ፥ ከሐምሌ ዶፍ ይልቅ ያንሸራትታል፤ ዶፉስ አጥቦ ይወስደዋል።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ካፖርታችንን አስወለቀን። ሾፌሩ ወረደና ጎማዎቹን በእጁ ዳሰሰ፤ በፍሬኑና በፀሐዩ ግለው ነበር። ረዳቱን ጠርቶ «ትንሽ ንፋስ አውጣላቸው፥ እንዳይፈነዱ» አለው። ረዳቱም ቫልቩን በክብሪት እንጨት ተጭኖ እስስስ አሰኘው። ይህ በመስመሩ ላይ የተለመደ ሥራ ነው። ንፋስ የሚለካው ግን ጎማው ሲበርድ ነው፤ ሲግል ግፊቱ መጨመሩ የጎማው ጠባይ ስለሆነ ለዚያም ተብሎ የተሠራ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ የተነፈሰው ጎማ ማታውን ሽቅብ ይመለስና ሌሊቱን በደብረ ብርሃን ብርድ ያድራል፤ ጧት ንፋሱ ጎድሎ ውሃ ወዳቆረው ሜዳ ይወጣል። ሚኒባሱ በማግስቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጧት ከደብረ ብርሃን ተሳፋሪ ጭኖ እንደሚነሣ ረዳቱ ነግሮኛል።