ሁልጊዜ 4 ዲግሪ

«ሊመጡ ነው!» ከሚለው ቃል በላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያንቀሳቅስ ነገር እስካሁን አላየንም። እነማን እንደሚመጡ መጠየቅ አያስፈልግም። ከወረዳ ይሁኑ ከዞን ወይም ከክልል፣ ብቻ የሚመጡ አሉ። ቃሉ በተሰማ ማግሥት ኖራ ይገዛል፣ ሣር ይታጨዳል፣ ዓመት ሙሉ ተንጠልጥሎ የኖረ በር ማጠፊያ ይገባለታል። እናንተ የከተማ ልጆች ይህን የምታውቁት ከትምህርት ቤት ነው። ባለሥልጣን ሊጎበኝ ነው ተብሎ ዴስክ ያጠባችሁበትን ቀን አስታውሱ። እኛ ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ግን ስለ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው፤ ስለ ብቃት ማረጋገጫ፣ ስለ አንድ አሮጌ ፍሪጅና በአንዲት ወረቀት ላይ ስለነበሩ ባዶ ሳጥኖች።

እኛ ማለት አምስት ነን። ሁለት ነርሶች፣ አንዲት አዋላጅ፣ አንድ የላቦራቶሪና አንድ የፋርማሲ ባለሙያ። ሁላችንም አስፋልት ላይ ያደግን ነን። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከዋናው መንገድ 34 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ስንመደብ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ መውጣትን ተማርን። በሁለተኛው ሳምንት ሴቶቹ «ሲስተር»፣ ወንዶቹ በሙሉ «ዶክተር» ሆነን አረፍነው፤ «ዶክተር አይደለንም» ብንል የሚሰማን አልነበረም። የጤና ጣቢያውን ስም አንጠራውም። እንዲህ ያለ ጤና ጣቢያ ብዙ ስለሆነ ስሙን ማወቁ ለማንም አይጠቅምም።

መጀመሪያ ነገሩን እናስረዳ። በአገራችን አሠራር አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። በሥሩ አምስት ያህል ጤና ኬላዎች አሉ። እያንዳንዱ ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሠሩት እዚያ ነው። ለኬላዎቹ ክትባት የሚሄደው ከጤና ጣቢያው ፍሪጅ ነው። ስለዚህ ፍሪጁ ሲታመም የሚታመመው አንድ ግቢ ብቻ አይደለም።

በወቅቱ የምንዳኘው በአዋጅ ቁጥር 661/2002 እና እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የጤና ጣቢያ ዝቅተኛ መስፈርት ነበር። መስፈርቱ ስንት ክፍል፣ ምን ዓይነት ባለሙያ፣ የትኛው መሣሪያ መኖር እንዳለበት ይዘረዝራል። ተቆጣጣሪዎቹ ቼክሊስታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አለ፣ የለም፣ አለ፣ የለም እያሉ ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ ወይ የብቃት ማረጋገጫው ይሰጣል ወይ «በዚህ በዚህ ጊዜ ውስጥ አስተካክሉ» ይባላል።

በጥር ወር «ሊመጡ ነው» ተባለ። ሦስት ሳምንት ተሰጠን።

እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ሳምንታት የሚበልጠው ጥሩ ጊዜ ነበር። ስለ ዝግጅት ሲወራ ሁሉም ነገር ማስመሰል ተደርጎ ስለሚነገር ይህችን ማለት አለብን። ፋርማሲው መደርደሪያ በመደርደሪያ ተፈተሸ፤ ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶች ተለይተው ተመዘገቡ፣ ቢን ካርዱና መደርደሪያው ላይ ያለው ቁጥር ተገናኙ። ቆሻሻ በባልዲ ቀለም ተለየ፤ ተራው በጥቁር፣ ደም የነካው በቢጫ። መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት እንዳለበት ግድግዳ ላይ ጻፍን። በረኪና አበጣጠርም ለሁሉም ሠራተኛ እንደገና ተነገረ፤ 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ይኼው 0.5 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ይህን ከሁላችን ቀድመው ያዙት። «ለጠጅ ብጥበጣ የሠለጠንሁ ሴት በበረኪና ላፍር?» አሉ።

«ካሽ» የሚባል ነገርም ነበር። ካሽ ሲባል ብር የመጣ መስሎት ፊቱ የበራ ባልደረባ አለን (ስሙን አንናገርም፣ ላቦራቶሪ ነው የሚሠራው)። ነገሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ የጤና ተቋማት የንጽሕናና የደኅንነት ንቅናቄ ነው፤ ስሙ ከእንግሊዝኛ ፊደላቱ የተወሰደ ነው። በካሽ ስም ሁላችንም በወር አንድ ቅዳሜ መጥረጊያ ይዘን እንወጣ ነበር። ከእናቶች ማረፊያው ጓሮ ያን ጊዜ የተተከለችው ጎመን ለስንት አራስ ወጥ ሆናለች።

እርግጥ አስቂኙም አልጠፋም። ከበሩ እስከ ካርድ ክፍሉ ያለው ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀባ፤ በሽተኛ የድንጋይ ቀለም አይቶ የሚድን ይመስል! ውሃ ግን አልነበረንም። ቧንቧው አለ፣ መታጠቢያው አለ፣ ውሃው የለም። ለቁጥጥሩ ቀን በአህያ አራት በርሜል ይመጣና በየመታጠቢያው አጠገብ ባለ መክፈቻ ባልዲ ይቀመጣል ተባለ። የጥበቃው ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «አህያዋንም በመስፈርቱ ጻፏት እንጂ፣ ዋናዋ ሠራተኛ እሷ ናት» ብለው ሳቁብን።

እስከዚህ ድረስ ተስማምተን ቆየን። የተጣላነው በፍሪጁ ላይ ነው።

ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜም እሑድም፣ በበዓልም ቢሆን፣ ቴርሞሜትሩ ይነበብና ይጻፋል። የኛ ወረቀት ግን የጉድ ወረቀት ነበር። ለክትባት ክፍሉ የተመደበችው ነርስ እኛ ከመምጣታችን በፊት በዝውውር ሄዳ ምትክ ስላልተመደበ፣ የመስከረምና የጥቅምት ሳጥኖች ባዶ ነበሩ። እኛ ከገባን ወዲህ ያሉት ሳጥኖች ደግሞ ተሞልተዋል፣ ነገር ግን አያምሩም። በኅዳር የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከዜሮ በታች 1 የሚል አለ፤ የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ነበርና። ያኔ ብልቃጦቹን በመነቅነቅ ፈትነን ቀዝቅዘው የተበላሹትን አስወገድን። በታኅሣሥ ደግሞ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። ጀነሬተር አለን፣ ናፍጣ የለንም። ወረቀቱ ላይ 11 ከዚያም 13 የሚል ተጻፈ፤ ክትባቱንም በበረዶ ሳጥን ይዘን ወደ ወረዳ ሄድን።

ቁጥጥሩ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ኃላፊያችን አዲስ ባዶ ወረቀት ይዘው መጡ። «ይሄንን በንጹሕ ገልብጡት» አሉ። መገልበጥ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ጠዋትና ማታ፣ 4፣ 4፣ 5፣ 4...

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደመወዝ ሲዘገይ ከኪሳቸው ያበደሩን ሰው ናቸው። ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። «ብቃት ማረጋገጫ ካልተሰጠን ስማችን በዞን ይጠፋል። ስማችን ከጠፋ በጀትም ሰውም አይላክልንም። የሚጎዳው ማነው? ገበሬው ነው። ላለፈ ነገር ብላችሁ የወደፊቱን አታበላሹ» አሉን። ለመመለስ አስቸገረን። ለተቋሙ ብላችሁ፣ ለሕዝቡ ብላችሁ ሲባል እምቢ ማለት ስስታም የሚያስመስል ነገር አለው።

ያን ምሽት በሻማ ስንከራከር የፋርማሲው ልጅ ተነስቶ የክትባት መዝገቡን አመጣ። «እሺ፣ 4 ብዬ እጽፋለሁ። እናንተ ደግሞ በነዚያ ባዶ ቀናት ፔንታ የተወጉትን ልጆች ስም አንብቡልኝ» አለ። ጀመርን። ስም፣ የእናት ስም፣ ቀበሌ፣ ስም፣ የእናት ስም፣ ቀበሌ... 27 ልጆች ነበሩ።

ለማታውቁት፣ ፔንታ በአንድ መርፌ አምስት በሽታ የሚከላከል ክትባት ነው፤ ዘጊ አነቃ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ። በአገራችን ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ይሰጣል፤ ልጅ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይወጋዋል። ሙቀት ሲበዛበት ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ቀይሮ ይናገራል። ብርድ ሲያበላሸው ግን ያ ምልክት ምንም አይናገርም። ከቀዘቀዘ በኋላ ቀልጦ የቆየ ብልቃጥ ለማየት ከደህናው አይለይም። ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ታባብላለች፣ ካርዷ ላይ ምልክት ይደረግላታል፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ቤቷ ትገባለች። የያዘችው ምልክቱን ነው፤ ክትባቱን መያዝ አለመያዟን አታውቅም።

ፍሪጁ በኅዳር ሌሊት ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርድ ከነበረ በጥቅምት ምን እንደነበረ ማን ያውቃል? ባዶው ሳጥን «አላውቅም» ይላል። 4 ብለን ብንሞላው ግን «አውቃለሁ፣ ደህና ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለነዚያ 27 ልጆች የሚጠይቅ ሰው በዚህ ምድር ላይ አይኖርም። የወረቀቱ ጉዳይ ለኛ እዚህ ላይ አለቀ። አሮጌው ወረቀት እንዳለ በሩ ላይ ቀረ።

ተቆጣጣሪዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ኖራውን አላዩትም። ባልዲዎቹን አይተው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ፤ አህያዋ ተጠቀሰች። ክትባት ክፍል ሲደርሱ በዕድሜ ገፋ ያሉት ተቆጣጣሪ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አነበቡት። ኃላፊያችን ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ልጆች፣ የኔ ቤት ፍሪጅ እንኳ ሁልጊዜ 4 አይሆንም» አሉ ሰውየው። «የማየው ወረቀት ሁሉ 4 ነው፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን የተጻፈ 4።» ቀጥለው ግን ሊያመሰግኑን አልቆሙም። «በነዚህ ባዶ ቀናት ስንት ልጅ ተከተበ?» ብለው ጠየቁ። ዝርዝሩ ዝግጁ ነበር።

ተረት አናውራችሁ፤ አልተሸለምንም። በፍሪጁና በውሃው ምክንያት የብቃት ማረጋገጫው ታገደና ለማስተካከያ ሦስት ወር ተሰጠን። ኃላፊያችን አንድ ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላነጋገሩንም። ነገር ግን «አያሟላም» የሚለው ቃል በተቆጣጣሪ ፊርማ ሲጻፍ ደብዳቤ ሆነ፣ ደብዳቤው ወረዳ ደረሰ፣ ከወረዳ ዞን ሄደ። ስንለምን የማይሰማን አሠራር ስንወድቅ ሰማን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ዝርዝሩን ይዘው በየቀበሌው ዞሩ፤ ከ27ቱ ልጆች 23ቱ ተገኝተው እንደገና ተከተቡ። ለክትባት ክፍሉ ሰው ተመደበ። ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ፍሪጅ በአይሱዙ ተጭኖ ገባ፤ ማረጋገጫውም ከዚያ በኋላ ተሰጠ። ውሃው ግን እኛ እዚያ እስከቆየንበት 2012 ዓ.ም. ድረስ በአህያ ነበር የሚመጣው።

አሁን የምንነግራችሁ ግን ከሁሉ በላይ ከውስጣችን ያልወጣው ነው። በዚያው የመብራት መስመር ላይ ሌላ ጤና ጣቢያ አለ። ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል እነሱም ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ ነበሩ። የታኅሣሥ ወረቀታቸውን በኋላ በሥራ ሄደን አየነው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሠላሳኛው፣ ጠዋትና ማታ፣ 4። ቁጥጥሩን በአንድ ጊዜ አልፈዋል፤ ምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ተሰቅሏል። አዲሱ ፍሪጅ ሲታደል ግን ችግር የለባቸውምና ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ይህን ስናወራ የገጠር ወሬ አድርጋችሁ እንዳትሰሙት። የተማሪ ውጤት የሚሞላ መምህር፣ የሒሳብ መዝገብ የሚዘጋ ባለሙያ፣ የሳይት ሪፖርት የሚጽፍ መሐንዲስ በመካከላችሁ አለ። «ሊመጡ ነው» ሲባል ድንጋዩን ኖራ ቀቡት፣ ግድ የለም፤ ግቢ ሲያምር ማን ይጠላል! ሣሩንም እጨዱት። ባዶውን ሳጥን ግን ተዉት። የሚያስፈልጋችሁ ነገር የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ ከሞላችሁት ማንም አያነበውም።