ከዝግባው ሥር

ከመኝታ ቤታችን በስተጀርባ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ። ፈተና በደረሰ ቁጥር ከጥላው ሥር ያልተቀመጠ ተማሪ የለም። ነገር ግን መሬቱ ራቁቱን ስለ ነበረ፥ ክረምት ሲገባ ጭቃው እየተንሸራተተ እስከ ደጃፋችን ይመጣ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ «ዛፉ ይቆረጥና ሣር ይተከል» መባሉን ሰማን። እኛ አራት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፥ ስለ ሣር ያለን ዕውቀት በበዓል ቀን ከሚጎዘጎዘው ያላለፈ ቢሆንም፥ እስከሚመጣው ክረምት ጊዜ ይሰጠን ብለን ለመንን፤ ተፈቀደልን።

በመጀመሪያ ሣር ዘራን፤ በቅሎ ወዲያው ቢጫ ሆነ። ዝግባ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያራግፍምና ፀሐይን ይከለክላል፤ ዝናቡንም በከፊል በቅጠሉ ያስቀረዋል፤ የወረደውን ደግሞ ሥሩ ይጠጣዋል። ስለዚህ ከዛፍ ሥር ያለ ተክል የሚታገለው ከጥላ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጥማትም ጋር ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን ከመጽሐፍ የመጣ ነው። ቪንካ ለጥላ እንደሚስማማ አንብበን ከችግኝ ሻጭ ሃያ ችግኝ ገዛን። የተሰጠን ግን የማዳጋስካሩ ተክል ነበር፤ ይኸውም ቀድሞ በዚሁ ስም ይጠራ የነበረ፥ ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የተባሉት የነቀርሳ መድኃኒቶች የተገኙበት፥ ፀሐይ ወዳድ ተክል ነው። ከጥላው ገብቶ በሰበሰ። ቃላት እናጠናለን የምንል ሰዎች በአንድ ቃል መታለላችን አሳፈረን።

ሽማግሌው አትክልተኛ ሳቁብንና «ልጆቼ፥ የምትፈልጉት እኮ ማንም ሳያጠጣው ከአጥሩ ጥግ አለላችሁ» ብለው ወሰዱን። እውነተኛው ቪንካ፥ ሰማያዊ አበባውን ይዞ፥ በጥላው ውስጥ ተዘርግቶ ነበር። ግንዱ አፈር በነካበት አንጓ ሥር ይሰዳል፤ ቅጠሉም በጋ ከክረምት አይረግፍም።

በጥልቀት ብንቆፍር የዛፉን ሥር እንቆርጣለን፤ አፈር ብንከምርበትም እናፍነዋለን። ስለዚህ ሁለት ጣት ያህል የበሰለ ፍግ በትነን፥ በሥሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ሥር የሰደዱትን ቁራጮች በሁለት ሁለት ስንዝር ርቀት ተከልን። ዝናቡ ሊያበቃ ጥቂት ቀርቶት ነበርና በጋውን በሙሉ፥ በየሳምንቱ ሁለት ቀን፥ በጄሪካን ውኃ ተሸከምን። አረሙንም በእጃችን ነቀልን፤ ተክሉ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ አረም ይቀድመዋልና።

ቪንካ ግን ነውር የሌለበት አይደለም። በካሊፎርንያና በአውስትራልያ ከአትክልት ስፍራ አምልጦ የአገሩን ዕፅ አፍኗል። መርዝም ስላለበት ሕፃንና ከብት ሊበላው አይገባም። እኛም ዙሪያውን በድንጋይ ከበን፥ ያለፈውን ሁሉ እንቆርጣለን።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መርማሪዎቹ ሲመጡ የተሸፈነው ግማሹ ብቻ ነበር። ቢሆንም ጭቃው ከደጃፋችን አልደረሰም፤ ዛፉም እስከ ዛሬ ቆሟል።

ዘንድሮ እንመረቃለን። በምሥራቅ በኩል ሦስት ክንድ ያህል ባዶ መሬት ቀርቷል፤ እንጨርሰዋለን ብለን ነበር፥ አልቻልንም። ከእኛ በኋላ በዚያ ቤት የምታድሩ ወንድሞቻችን ሆይ፥ ሰኔ ሲገባ ከተሸፈነው ቆርጣችሁ ወደ ባዶው ትከሉ። ጄሪካኖቹ ከአልጋው ሥር ናቸው።