ልደታችንን የምትጋራው እህታችን



እኛ መንታ ነን፤ ልደታችን ግን የሦስት ሰው ነው። እኛ በተወለድንበት ሌሊት ጎረቤታችንም ሴት ልጅ ተገላገለች። ደሴ አቅራቢያ በሚገኘው መንደራችን ቀኑን በወረቀት የጻፈው ሰው አልነበረም። እናቶቻችን የሚነግሩን «የረመዳን 27ኛው ሌሊት፣ ወንዶቹ መስጂድ ሳሉ፣ ማሽላው እሸት ሳለ» እያሉ ነው። ቆጥረን ስንደርስበት 1426 ዓመተ ሒጅራ፣ በአገራችን አቆጣጠር ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ሆኖ አገኘነው። እናታችን ለሁለት ልጅ ወተት ሲያንሳት የእሷ እናት እያጠባችን አደግን። ስለዚህ ጓደኛችን ብቻ ሳትሆን በሸሪዓውም የጡት እህታችን ናት።

ዛሬ እሷ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እኛ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብተናል። በትምህርት ከእኛ አታንስም ነበር፤ ሒሳብ ላይማ ትበልጠን ነበር። በ2014 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ሳለን ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰና ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ሲከፈት ሁለታችን ተመለስን፤ እሷ ግን የወንድሞቿ ጉሮሮ በእሷ ላይ ወድቆ ነበርና አልተመለሰችም። በዓመቱ ደላላው ፓስፖርት አስወጣላት። ዕድሜዋ እንዲበቃ ተብሎ አምስት ዓመት ተጨመረባት። ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመቱም የእሷ አይደለም። እንግዲህ በወረቀት ታላቃችን ሆናለች። ኢቃማዋም፣ የምትሠራበት ቤት ሰዎችም የሚያውቋት በዚያ ዕድሜ ነው። ትክክለኛውን የሚያውቁ ሁለት እናቶችና እኛ ብቻ ነን።

የእሷን ልደት ማሰብ አደራ የሆነብን ለዚህ ነው። ስለ ልደት አከባበር ግቢ ውስጥ ክርክር እንዳለ እናውቃለን፤ ክርክሩን ለዑለማዎቹ እንተወው። ኬክም ሻማም የለንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሰኞ ጾማቸው ሲጠየቁ የተወለዱበት ቀን መሆኑን መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ሰው ለመኖሩ አላህን የሚያመሰግነው በዒባዳ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። እኛም ቀናችንን በሒጅራው ይዘን፣ በ27ኛው ሌሊት እናስባታለን። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ልደታችን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ጥቅምት ላይ ተወልደን ዘንድሮ መጋቢት ላይ ዋለልን። በሒጅራው 21 ሞላን፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገና 20 ከአራት ወር ተኩል ገደማ ነን። እሷ ሁልጊዜ የምትጠይቀን «ስንት ሞላን?» ብላ ነው፤ «ስንት ሞላኝ?» ብላ አታውቅም።

ደሴና ጅዳ በቀይ ባሕር ይለያዩ እንጂ ካርታ ላይ ከላይና ከታች፣ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ሰዓታቸውም አንድ ነው። ረመዳን እንደ ዘንድሮው መጋቢት ላይ ሲያልቅ በሁለቱ ከተሞች ፀሐይ የምትጠልቀው በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ነው። እናቷ መንደር ውስጥ በተምር ስታፈጥር እሷም እዚያ ታፈጥራለች። ብቻ የእሷ ቁማ ነው። ሳምቡሳው ተጠብሶ፣ ሾርባው ቀርቦ፣ እንግዳው ተስተናግዶ እስኪያልቅ አትቀመጥም። ከዚያ ዕቃው ይታጠባል፤ ከዚያ የሱሑሩ ምግብ ይሠራል። በኢሞ የድምፅ መልእክት የምትልክልን ሱሑር ሊደርስ ሲል ነው፤ ከኋላዋ የቧንቧው ውኃ ይሰማል።

በዚያ ሌሊት ሦስት ነገር እናደርጋለን። ካለችን ላይ ቀንሰን በእሷ ስም ለጀመዓው ማፍጠሪያ ተምር እንገዛለን። ለእናቷ እንደውላለን፤ የምትፈልገው ወሬ ሳይሆን የልጇን ስም ከሰው አፍ መስማት ነው። ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ በስሟ ጠርተን ዱዓ እናደርግላታለን። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ እንደተማርነው፣ አንድ ሰው በሌለበት ወንድሙ ዱዓ ሲያደርግለት መልአክ «አሚን» ይላል፤ ለለማኙም ያንኑ ይለምንለታል። ልደት ለሚጋሩ ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አናውቅም። ጤና ስንለምንላት ጤናችንን፣ በሰላም ወደ አገር መግባቷን ስንለምን የራሳችንን መግቢያ እየለመንን ነው።

እሷም ቀድማናለች። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በምንወስድበት ዓመት አሠሪዎቿ ለዑምራ ይዘዋት ሄደው ነበር። «ካዕባው ፊት ሁለታችሁንም በስማችሁ ጠራኋችሁ» አለችን። ስለ ራሷ ምን እንደለመነች ስንጠይቃት «መልአኩ ይበቃኛል» ብላ ሳቀች። በዚያ ዓመት ፈተናውን ካለፉት፣ ከመቶ ስድስት ከማይሞሉት ተማሪዎች መካከል ሆንን። ውጤታችንን በንባባችን ብቻ ያገኘነው አድርገን አናወራም።

እዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ጥቂት ነው። አብሮ አደጉ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለ፣ የእህቱ ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃው ብዙ ነው። በእነዚህ በቀሩት ሌሊቶች አንድ ስም ምረጡና በሱጁዳችሁ ጥሩት። እናቶቻችሁንም የተወለዳችሁበትን ቀን ጠይቁና ጻፉት፤ ከእናንተ ጋር ማን እንደተወለደ ጠይቁ። ታናናሾቻችሁን ደግሞ ቀበሌ ወስዳችሁ አስመዝግቡ። የልደት ምዝገባ በአገራችን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቀናቸው በወረቀት ላይ ከተጻፈ ማንም ደላላ ሌላ ቀን ሊሰጣቸው ይቸገራል።

ለእሷ ደግሞ በኢሞ የምንልክላት ቃል ተዘጋጅቷል፦ እህታችን፣ ፓስፖርትሽ የፈለገውን ይበል። ዘንድሮ 21 ሞላን።

አላህ በስደት ያሉ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ይጠብቅልን፤ ለወላጆቻቸው ዓይን በሰላም ያብቃልን። አሚን።