ዞሮ ዞሮ ከቤት

ባገራችን መንገድ የሚሄድ ሰው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ለገበያ፥ ለለቅሶ፥ ለሙግት፥ ለንግሥ፥ የጠፋ ከብት ለመፈለግ ወይም የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው፥ «ወዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አያጣም። ከቤቱ ማልዶ ወጥቶ፥ በተራራ ላይ ሲዞር ውሎ፥ ማታ ባዶ እጁን ከተነሣበት ደጃፍ የሚመለስ ሰው ግን ወይ አእምሮው የተነካ፥ ወይ ሥራ የፈታ ነው ይባላል። እኔ ባለፈው ጥቅምት፥ በአንድ ቅዳሜ ቀን፥ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መስዬ ዋልሁ። ምክንያት ግን አልነበረኝም አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ዘመን በልቤ ሲብሰለሰል የኖረ ነውና እርሱን አስቀድሜ ለአንባቢ መናገር ይገባኛል።

የተወለድሁትም ያደግሁትም ኮልፌ ነው። ቤታችን ከአጠና ተራ አጠገብ ነበር። አጠና ተራ፥ ስሙ እንደሚናገረው፥ ለቤት መሥሪያ የሚሆን የባሕር ዛፍ አጠና የሚሸጥበት ገበያ ነው። አባቴ ገና በሕፃንነቴ ስለ ሞተ፥ እናቴ እኔንና ታናሽ እኅቴን ያሳደገችን በስተ ሰሜን ከሚታየው ከእንጦጦ ተራራ ምዕራባዊ ክንፍ ጭራሮና ቅጠል እየለቀመች፥ በጀርባዋ ተሸክማ እያወረደች በመሸጥ ነው። እኔ በቀለምና በደብተር ያደግሁ ይመስለኝ ነበር እንጂ፥ ቀለሙም ደብተሩም የተገዛው በጭራሮ ዋጋ ነበር።

ዐሥራ አራት ዓመት በሆነኝ ጊዜ፥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋራ በዊንጌት በኩል ስመለስ፥ እናቴ ከሸክሟ በታች ጐንበስ ብላ ስትመጣ አየኋት። ሸክሙ ከቁመቷ ይበልጥ ነበር። ዐይኗም ላቧ ከሚንጠባጠብበት መሬት በቀር ሌላ የሚያይ አይመስልም ነበር። ከጓደኞቼ አንዱ «ይቺ ሴትዮ መንገዱን በሙሉ ያዘችው» ብሎ ሲሥቅ፥ እኔም አብሬ ሣቅሁና ወደ ማዶ ተሻገርሁ። አይታኝ ይሁን ሳታየኝ ብዙ ዘመን አላወቅሁም። ማታ እራቴን ስታቀርብልኝ ምንም አላለችኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፥ መምህር ሆኜ ሳለሁ፥ ለአንድ ዓመት ትምህርት ሸፊልድ ወደምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ተላክሁ። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ዛፍ የሌለበት ሰፊ ደጋ አለ፤ በደጋውም ዳር ዳር ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ እንደ ግንብ ተደርድሮ ረጅም የገደል አፋፍ ሠርቷል። ስታኒጅ የሚባለው አፋፍ ከሁሉ የታወቀው ነው። ከሥሩ የጥንት ጠራቢዎች የተዉአቸው ክብ የወፍጮ ድንጋዮች እስከ ዛሬ ተጋድመው ይታያሉ። ምድሩን የሚሸፍነው ቍጥቋጦ ከእኛ አገር አስታ ጋራ ዘመዳማ ነው። በሰንበት ቀን የከተማው ሰው፥ መምህሩም የፋብሪካ ሠራተኛውም፥ ስንቁን ይዞ በዚያ አፋፍ ላይ ዞሮ ማታ ቤቱ ይገባል። ይህም መብት በነጻ የተገኘ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ኪንደር ስካውት በሚባለው ደጋ ላይ፥ ባለርስቶች ለወፍ አደን ብለው የዘጉትን ምድር ብዙ ወጣት ሠራተኞች በሰልፍ ገብተው ረገጡት፤ አምስቱም ታሰሩ። በ1951 ግን ያ አገር የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

በዚያ አፋፍ ላይ አብሮኝ ይሄድ የነበረ አንድ ሽማግሌ መምህር፥ «በእናንተስ ከተማ እንዲህ ያለ ተራራ አለን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «አለ፤ ነገር ግን የሚሄድበት ሰው የለም» ብዬ መለስሁለት። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥሁት። እናቴን በልጅነቴ በአጠገቤ ስታልፍ ካድኋት፤ ጐልማሳ ሆኜ ደግሞ በባዕድ አገር ካድኋት። የመጀመሪያው የልጅ ነውር ነው ቢባል፥ ለሁለተኛው ማመካኛ የለውም። አገሬ በተመለስሁ ጊዜም ያን ተራራ በእግሬ ዞሬ ሳላይ አልቀርም ብዬ ቈረጥሁ፤ እንዲህም ብዬ ስንት ዓመት አለፈ።

በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ዳቦና አንድ ኮዳ ውሃ ይዤ ስወጣ፥ አሁን አርጅታ ከእኔ ጋራ የምትኖረው እናቴ ከደጃፍ ላይ ፀሓይ ትሞቅ ነበር።

«ወዴት ነው ልጄ?» አለችኝ።

«ወደ ተራራው ደርሼ እመለሳለሁ እማዬ» አልኋት።

«ምን ልታመጣ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ከአጠና ተራ ወደ ዊንጌት፥ ከዚያም ወደ ላይ የሚወስደውን ዳገት ያዝሁ። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቈርጣል፤ ሰማዩ ግን አንዳች ደመና አልነበረበትም። ቤቶቹ እየሳሱ ሲሄዱ የባሕር ዛፉ ሽታ ተቀበለኝ። ይህ ዛፍ ያገራችን ተወላጅ እንዳልሆነ ስሙ ይመሰክራል። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተቀምጠው ሳሉ፥ በኋላም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተባለች ወዲህ፥ የተራራው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አለቀ። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣም ከተማይቱን ትቶ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ታስቦ፥ በዚያ ሕንፃ እስከ መሥራት ተደርሶ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአውስትራልያ ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ በቀለና አዲስ አበባ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች። መጻሕፍት ይህን ሲተርኩ ዛፉን ያመሰግናሉ፤ ያስመጣውንም ሰው ያነሣሉ። ዛፉ ግን በራሱ እግር ከተራራው ወርዶ ምድጃ ውስጥ አልገባም። ያወረደችው ሴት ናት።

የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የተከለለበትን ኰረብታ ዳሩን ይዤ ወጣሁ። ማዕከሉን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በኅብረት ያቋቋሙት ሲሆን፥ በባሕር ዛፉ ፈንታ ጽድን፥ ወይራን፥ ኮሶንና ሌሎችንም አገር በቀል ዛፎች ይተክላል። ሥራው የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ሳለሁ እናቴ፥ ከጥበቃዎች ስትሸሽ ወድቃ ጕልበቷ ተልጦ፥ ገመዷንና ማጭዷን ተቀምታ የገባችበትን ማታ አስታወስሁ። ተራራ እንዲጠበቅ የምንወድ ሰዎች ይህንም አብረን ማሰብ ያለብን ይመስለኛል። ዛፉን ከሴቲቱ ማዳን ብቻውን አይበቃም፤ ሴቲቱንም ከሸክሙ ማዳን ያስፈልጋል።

በመካከለኛው ዳገት ላይ አንዲት ዐርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ሸክሟን ልትነሣ ስትታገል አገኘኋትና ደግፌ አነሣሁላት። ቍጥራቸው ከዱሮው ቢያንስም፥ እንጨት ተሸካሚዎች ዛሬም አልጠፉም።

«ምን ጠፍቶዎት ነው ጋሼ?» አለችኝ፥ ልብሴን አየት አድርጋ።

«ምንም አልጠፋኝም እኅቴ። ዞሬ ልመለስ ብዬ ነው።»

«ዞረው የት ሊደርሱ?»

«ቤቴ።»

«ታዲያ ምነው መውጣቱ?» ብላ ሣቀች፤ እኔም ሣቅሁ። እርሷ በገመዱ ታንቃ ቍልቍለቱን ስትወርድ እኔ እጄን እያወዛወዝሁ ወደ ላይ ወጣሁ።

ከአፋፉ ላይ ስደርስ ፀሓይ ከፍ ብሎ ነበር። ዐለቱ ትራኪት የሚባለው ዐይነት ነው፤ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በስንጥቁ ውስጥ አስታ በቅሎበታል። ያን የእንግሊዝ አፋፍ አስታወሰኝ፤ ነገር ግን ከዚህ የሚታየው አገር ከዚያ እጅግ ይሰፋል። በስተ ምዕራብ ገፈርሳ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ለገዳዲ በ1963 ዓ.ም. ገደማ ከመሠራቱ አስቀድሞ ከተማይቱን ያጠጣ የነበረ ውሃ ነው። በስተ ደቡብ ምዕራብ ወጨጫ፥ ከዚያም ወዲህ ፉሪ፥ በስተ ምሥራቅ የረር፥ በሩቁ ዝቋላ ተራ በተራ ይታያሉ። በስተ ሰሜን ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል።

እኔ የቆምሁበት ጀርባ የውሃ ድንበር ነው። በሰሜኑ ፊት የሚወርደው የዝናብ ጠብታ በሙገር በኩል አባይን ተከትሎ፥ ሱዳንንና ምስርን አቋርጦ ከባሕር ይገባል። በደቡቡ ፊት የሚወርደው ደግሞ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይሆንና፥ መንገዱን ሁሉ ሲያጠጣ ሄዶ፥ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ያልቃል። ሁለቱ ጠብታዎች ሲወርዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ክንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። እኔ ባሕር ተሻግሬ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ እናቴ ግን ከኮልፌ ርቃ ሄዳ አታውቅም። ከሁለታችን ብዙ ምድር ያጠጣ ማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ምሳዬን የበላሁት ከመንገዱ ዳር፥ ወገብ በሚያህል ከፍታ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ሌላው ዐለት ሻካራ ሲሆን ይህ ብቻ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሶ ነበር። ዝናብ ያለሰለሰው መስሎኝ አለፍሁት።

ከዚያ በታች ኮልፌ ይታያል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ተቀብለው ነበር። በሕይወት ታሪካቸው፥ ጠመንጃና ጥይት ተሸክመው፥ ጥቂት ውሃ ብቻ ይዘው፥ ረጅም የእግር ጕዞ ያደርጉ እንደ ነበረ ጽፈዋል። ስድስት ወር ይቈያል የተባለው ትምህርት ሳይፈጸም ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ እንደ ተመለሱም ብዙ ሳይቈዩ ተያዙ። ስለዚያ ጕዞ ዓለም አንብቧል። በዚያው ዘመን በየቀኑ ዳገቱን ይወጡና ይወርዱ የነበሩት እንጨት ተሸካሚዎች ግን ትምህርታቸውን የጨረሰላቸውም፥ ታሪካቸውን የጻፈላቸውም የለም።

ቍልቍለቱን በአስኮ በኩል ወረድሁ። አንድ የድንጋይ ካባ አለፍሁ፤ በመዶሻ ድንጋይ የሚፈልጡ ልጆች ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በታች አሮጌው የእግር መንገድ በአዲስ አጥር ተቈርጦ ስለ ነበረ ብዙ ዙሪያ ሄድሁ። ወደ ትንሹ አቃቂ የሚወርደውን ወንዝ ዳር ይዤ፥ ቈሻሻው እያሳዘነኝ፥ ፀሓይ ስታዘቀዝቅ አጠና ተራ ደረስሁ። እግሬ ቈስሎ ነበር። ይህን ያህል የደከምሁት ባዶ ጀርባዬን ይዤ ነው።

እናቴ ከማለዳው ስፍራዋ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። «እህ፥ ምን አመጣህ?» አለችኝ።

የሄድሁበትን መንገድ አንድ በአንድ ነገርኋት። ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ከአፋፉ በደረስሁ ጊዜ አቋረጠችኝና፥ «ማስደገፊያው ድንጋይ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የትኛው ነው ብላት፥ «ከመንገዱ ዳር ያለው ነዋ። ሸክምህን ሳታወርድ ጀርባህን ታስደግፍበትና ትንፋሽህን ትሰበስባለህ። መሬት ካወረድኸው ማን ያነሣልሃል? ሁላችንም እዚያ ነበር የምናርፈው» አለችኝ። ያን ጊዜ ድንጋዩን ያለሰለሰው ዝናብ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጨክኜም የዊንጌቱን ነገር ነገርኋት። በዐሥራ አራት ዓመቴ እንዳየኋት፥ እንደ ሣቅሁና እንደ ተሻገርሁ ሳልሸሽግ ተናገርሁ። ጥቂት ዝም ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና፥ «አይቼህ ነበር እኮ። መንገድ ለቀቀልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሸክም ለያዘ ሰው መንገድ መልቀቅ ወግ ነው» አለች። እውነት እንደዚያ አምና ኖራ ይሁን፥ ወይስ እኔን ለማሳረፍ በዚያች ሰዓት ያገኘችው ቃል ይሁን፥ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ዞሮ ዞሮ ከቤት፥ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይላሉ አባቶቻችን። ያን ዕለት ማታ፥ እግሬን በሞቀ ውሃ ነክሬ፥ ለዚያ ለሸፊልዱ ሽማግሌ ደብዳቤ ጻፍሁ። አጭር ነበር። «ያን ጊዜ ስለ ተራራችን የነገርሁዎ ልክ አልነበረም። የሚሄድበት ሰው አለ። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሄዳበታለች» የሚል ነበር።