አንድ ሳንቲም የማያስወጣው መልስ

ወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ድረ ገጽም እሠራለሁ። በሽተኛ ለሚያስታምሙ ሰዎች አልጋ የሚያከራዩ አንዲት እናት፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችም እንዲያገኟቸው ድረ ገጽ ሥራልኝ ሲሉኝ፣ ስሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የአንድ የውጭ ሆቴል ስም ወስጄ «ሶዶ» ቀጠልኩበት። «አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» አሉኝ።

በብር ካርዴ ከውጭ መግዛት ስላልቻልኩ፣ ውጭ ያለ ጓደኛዬ ከፈለልኝ። መጨረሻውን ዶት ሾፕ አደረግኩት፤ ርካሽ ነበር። ባለቤት በሚለው ቦታ የገባው የእኔ ስምና ኢሜይል ነው። የእሳቸው ስም የትም የለም።

ከወራት በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሆቴሉ ክስ በኢሜይል መጣ። የአጭበርባሪ መልእክት መሰለኝ ብዬ ለሰው አውርቻለሁ፤ ውሸት ነው። ደግሜ ከፍቼ አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛልም። ፈራሁና ዘጋሁት።

እንደ ዶት ሾፕ ላሉ አዳዲስ የስም መጨረሻዎች ከ2013 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚሠራ፣ የንግድ ምልክት ባለቤቶች የሚከሱበት ፈጣን የማገጃ ሥርዓት አለ። የማመልከቻውን ክፍያ የሚከፍለው ከሳሹ ነው። ተከሳሹ መልስ ለመስጠት 14 ቀን አለው፤ ክሱ እንደ እኛው በአንድ ስም ላይ ከሆነ ደግሞ ምንም አይከፍልም። ከተረታ ስሙ ለከሳሹ አይተላለፍም፤ የተመዘገበበት ጊዜ እስኪያልቅ ይታገዳል። ማስታወቂያው በፖስታም ይላካል። የፖስታ ሳጥን እንኳ የለኝም።

ጊፋታ ሲቃረብ ገጹ ጠፋ፤ በቦታው የእግድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔም «ፈረንጆቹ ዘጉት፣ እማማ» አልኳቸው። ከዚያ ለአዲሱ ስም፣ ለአዲሱ ቢዝነስ ካርድ፣ ለታፔላው ማስተካከያ አስከፈልኳቸው። ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጠሩልኝ።

አዲስ አበባ ያለ የሙያ ባልደረባዬ «ወጪው የባለቤቱ ነው» ይላል። ልክ ነው። ግን በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ ማን ነበር? ስሙን ሳስመዘግብ ባለቤትነቱን ወሰድኩ፤ ዕዳው ሲመጣ መለስኩላቸው። ለከሳሹም ስሙን ለሸጠው ድርጅትም የወጪ ድርሻ የሚያካፍሉ አሉ፣ ይከራከሩ። በእኛ ጉዳይ ግን መልስ ስጥ የሚለው ማስታወቂያ የመጣው ወደ እኔ ብቻ ነው።

ያስከፈልኳቸውን ብር ቆጥሬ ፖስታ ውስጥ ከከተትኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ትናንት እማማ ዳታ በርበሬ ላኩልኝ። ብልቃጡ ከፖስታው አጠገብ ተቀምጧል።